የገብረ ክርስቶስ ደስታ እጆች

የሥዕል ተማሪ ሆኖ በየቀኑ መሳል አለባችሁ የሚለውን ምክር ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። በኛ ትምህርት ክፍልም ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ሲነገረን ቆይቷል። ምክሩ ላይ ቅሬታ የለኝም። እኔን የሚያከራክረኝ ምክንያቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠን ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ እጅ እንዲፍታታ። መስመሩ እንዳይንቀጠቀጥ፣ ክብ የተባለው ክብ እንዲሆን፣ እርሳሱ ዓይን ያየውን ሳያንገራግር እንዲከተል። እንደ ሩጫ ማለት ነው፤ በየቀኑ የሮጠ ሰው ትንፋሹ እንደሚረዝም በየቀኑ የሳለም ሰው እጁ ይታዘዝለታል። ጥሩ። ታዲያ እጁ ሊፍታታ የማይችል ሰውስ? ቢሳልም ባይሳልም ጣቶቹ ወደ ጤናቸው የማይመለሱለት ሰው ከዚህ ሁሉ ልፋት ምን ያተርፋል?

ጥያቄውን ዝም ብዬ ከባዶ ያመጣሁት አይደለም። በአገራችን የዘመናዊ ሥዕል ታሪክ ሲነሳ ስሙ ከፊት የሚጠራው ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ የሥጋ ደዌ ሕመም የነበረበት፣ ጣቶቹም በዚሁ ሕመም የተጎዱ ሰው ነበር። ስለ እሱ ሲጻፍ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል፤ ወይም ደግሞ ለማዘኛ ብቻ ይጠቀሳል። እኔ ግን ለኛ ለተማሪዎች ዋናው ነገር እዚያ ላይ ያለ ይመስለኛል። ስለዚህ የሕይወት ታሪኩን በዚህ በኩል እያየሁ ለማቅረብ እሞክራለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ።

ገብረ ክርስቶስ በ1932 በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ ብራና ላይ የሚጽፉና የሚስሉ ባለሙያም ነበሩ። ልጁ ሥዕልን መጀመሪያ ያየው እንግዲህ እዚያው ቤቱ ውስጥ ነው ማለት ነው። የብራናን ሥራ ከቅርብ ያየ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። በኛም በጎጃም ደብሮች አካባቢ ሥራውን የሚያውቁ አባቶች አሉ። የፍየሉ ቆዳ ይነከራል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ እንደገና ይፋቃል። መስመሩ በወስፌ ይሰመራል። ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል፤ ሲደንዝ እንደገና ይቀረጻል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይዘጋጃል፤ ቀዩ ለቅዱሳን ስም ይቀመጣል። አንድ መጽሐፍ ወራትን ይፈጃል፤ አንዳንዴም ከዓመት ያልፋል። ጸሐፊው ዛሬ መንፈሱ ስለተነሳሳ ብቻ አይጽፍም። የዛሬው ገጽ ስለደረሰ ይጽፋል እንጂ። ገብረ ክርስቶስ በኋላ የሳለው ሥዕል ከአባቱ ሥራ በመልኩ በጣም የራቀ ነው፤ ያም ሆኖ ይህን የየዕለት ጠባይ ከሌላ ቦታ ተማረው ለማለት አልደፍርም።

ልጅነቱ ቀላል ዘመን ላይ አልዋለም። በ1936 ጣሊያን ሐረርን ሲይዝ እሱ ገና አራት ዓመት አካባቢ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሕመሙ መጣ። ሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ እንደሆነ ኖርዌጂያዊው ሐኪም ሐንሰን በ1873 አሳይቷል። ባክቴሪያው ነርቭን ይጎዳል። ነርቭ ሲጎዳ ጣት ስሜት ያጣል፤ እሳት ሲነካው ወይም ስለት ሲቆርጠው አያውቅም፤ ቁስሉ ይደጋገማል፤ ጡንቻው ይሰልላል፤ ጣቶቹም ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ሳይንሱ ይህን ነው የሚለው። ሕዝባችን ግን በሽታውን እንደ እርግማንና እንደ ዘር ሲያየው ኖሯል። ታማሚ ከመንደር ይወጣል፤ ጋብቻ ይከለከላል፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጦ ይለምናል።

እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው ማለፍ የማልፈልገው ነገር አለ። ላሊበሎችን ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ጎህ ሳይቀድ በየደጁ ቆመው የሚያዜሙትን። ስለ እነሱ ከጥንት ሲነገር የኖረው፣ ያን ዜማ ካቋረጡ ሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል ተብሎ ነው። እምነቱ ልክ ነው እያልኩ አይደለም፤ በሽታው በዜማ አይመጣም፣ በዜማም አይሄድም። ግን በአገራችን ጥበብን በየቀኑ ማድረግ ከዚህ በሽታ ፍርሃት ጋር የተሳሰረበት አንድ ጥንታዊ ልማድ መኖሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የገብረ ክርስቶስ ደሞ ተገላቢጦሽ ነው። በሽታው ያዘው፤ እሱ ግን ጥበቡን አላቋረጠም።

ትምህርቱን በተመለከተ ባጭሩ ልለፈው። ከሐረር አዲስ አበባ መጣ፤ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገባ፤ እዚያም የሳይንስ ትምህርት ጀመረና ተወው። የዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መግባት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በአገሪቱ ያሉት ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የጨረሰ ሁሉ ትልቅ ቢሮ ይጠብቀዋል። ያን ትቶ ሥዕል ውስጥ መግባት ዛሬም ቢሆን ቤተሰብ የሚያስለቅስ ውሳኔ ነው። ከኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ይህን የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።

በ1957 የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ምዕራብ ጀርመን፣ ወደ ኮሎኝ ከተማ ሄደ። አንድ የታሪክ አጋጣሚ እዚህ ጋ አለ። በዚያው ሰሞን ጀርመኖች የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን የሚረዳ ማኅበር አቋቁመው ሐረር አጠገብ ቢሲዲሞ ላይ የሕክምና መንደር መሥራት ጀመሩ። ታማሚው የሐረር ልጅ ሥዕል ፍለጋ ወደ ጀርመን ሲሄድ ጀርመኖች ሥጋ ደዌን ለማከም ወደ ሐረር መጡ ማለት ነው። በመንገድ ላይ የተላለፉ ያህል ነው።

ኮሎኝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፕላን ቦምብ ፈራርሳ የነበረች ከተማ ናት። ታላቁ ካቴድራል ሲቀር ብዙው ወድሞ ነበር። ገብረ ክርስቶስ ሲደርስ ግንባታው ገና አላለቀም። ለሥዕል ተማሪ ግን ከዚህ የሚበልጥ ጊዜ አልነበረም። ናዚዎች የተበላሸ ጥበብ ብለው ያሳደዷቸው፣ ከየሙዚየሙ ያወጧቸውና ያቃጠሏቸው የኤክስፕሬሽኒስቶች ሥዕሎች እንደገና ወደ ግድግዳ የተመለሱበት ዘመን ነው። ሐውብሪሽ የሚባል የኮሎኝ ጠበቃ ያን የተወገዘ ጥበብ በናዚ ዘመን ሳይቀር ሲሰበስብ ኖሮ በ1946 ስብስቡን ለከተማዋ ሰጠ፤ በ1957 ደግሞ የዋልራፍ ሪሻርትዝ ሙዚየም አዲስ ሕንፃ ተከፈተ። ገብረ ክርስቶስ ኮሎኝ የገባው በዚያው ዓመት ነው። እዚያ እየኖረ እነዚያን ሥዕሎች አላየም ማለት ይከብደኛል።

ኤክስፕሬሽኒዝም ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልናገር። ሠዓሊው የሚስለው ነገሩ እንዴት እንደሚታይ ሳይሆን እሱ ላይ ምን እንዳደረገበት ነው። ፊት አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ ሰማይ ቀይ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ሻካራ ነው፤ የብሩሹ መንገድ አይደበቅም። እንግዲህ አስቡት፤ ጣቶቹ ለስላሳና ቀጭን መስመር ለመሳብ የሚቸገሩ አንድ ወጣት፣ ሻካራ መስመር ጉድለት ሳይሆን ቋንቋ የሆነበት አገር ላይ ደረሰ። ይሄ የኔ ግምት ነው፤ ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ሊያየው ይችላል። ግን ከሥዕሎቹ ተነስቼ ሳስበው እጁ ያልቻለውን ነገር ዘዴው ተሸከመለት ብዬ አምናለሁ። ትምህርቱን በ1961 ጨረሰ፤ በቀጣዩ ዓመትም ወደ አገሩ ተመለሰ።

አዲስ አበባ ሲደርስ በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ጥረት የተቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥራ ከጀመረ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። እዚያ መምህር ሆነ። በ1963 በአዲስ አበባ ያሳየው ኤግዚቢሽን ትልቅ ክርክር አስነሳ። ሕዝቡ የለመደው ሥዕል የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለው፣ ከዚያም የንጉሠ ነገሥቱና የመኳንንቱ ምስል፣ የአድዋ ጦርነትና የግብር ሥዕል ነው። የገብረ ክርስቶስ ሥዕሎች ውስጥ ደግሞ ሰውዬው የት እንዳለ፣ ፈረሱ የት እንዳለ የማይታወቅባቸው ነበሩ። ቀለም ብቻ፣ ቅርጽ ብቻ። ይሄ የፈረንጅ ነው፤ የኛ አይደለም የሚሉ ተነሱ። ሥዕል አይደለም ያሉም ነበሩ። ሌሎች ደግሞ ደገፉት። ክርክሩ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አላለቀም፤ በክፍላችን ውስጥ እንኳ አብስትራክት ሥዕል ሲቀርብ የሚስቅ አይጠፋም።

ተቃዋሚዎቹን ቸኩዬ መኮነን አልፈልግም። ጥያቄያቸው ተገቢ ጥያቄ ነበር። በኮሎኝ የተማረ ሰው ለአዲስ አበባ ሕዝብ ምን ያመጣል ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ግን መልሱን ከሥዕሎቹ ነው መፈለግ ያለብን። በዚያው በ1963 የሳለው ጎልጎታ የሚባለው ሥዕል አለ። ርዕሱ ከአባቱ ቤት የመጣ ነው፤ ስቅለት በየቤተ ክርስቲያናችን መቅደስ ላይ ይገኛል። አሳሳሉ ግን ከግድግዳው ስቅለት ጋር አይገናኝም። እዚያ ቀዩ ቀለም የልብስ ወይም የደም ምልክት ሆኖ በልኩ ይቀመጣል፤ እዚህ ግን ቀዩ ራሱ ስቃይ ሆኗል። ይሄን ሥዕል አይቶ የኛ አይደለም ለማለት የሚቻል አይመስለኝም። የኛው ርዕስ ነው፣ በሌላ እጅ የተሳለ።

ሌላው መታየት ያለበት ነገር በአንድ አሳሳል አለመቆሙ ነው። ብዙዎች አብስትራክት ሠዓሊ ብለው ይደመድሙታል። ልክ አይደለም። ሙሉ በሙሉ በቀለምና በቅርጽ ብቻ የቆሙ ሥዕሎች እየሠራ በዚያው ዘመን ደግሞ የከተማውን ድሃ፣ ሊስትሮውን፣ ችግረኛውን ይስል ነበር። ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ይመለሳል። ከሥዕል መምህራን አንዳንዶቹ የራሳችሁን ስታይል ቶሎ ፈልጉ ይሉናል። ገብረ ክርስቶስ ግን ስታይሉን አግኝቶ በሩን የዘጋ ሰው አይመስልም። ቢዘጋ ኖሮ ያወዛገበው አሳሳል ስሙን ካገነነለት በኋላ እሱኑ እየደገመ መኖር ይችል ነበር፤ ገበያም ያገኝ ነበር። ምክንያቱም ክብሩ ወዲያው መጥቷል፤ በ1964 ለአፈወርቅ ተክሌ የተሰጠው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሥነ ጥበብ ሽልማት በ1965 ለገብረ ክርስቶስ ተሰጠ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሥዕል አይደለም ከተባለበት ወደ አገሪቱ ከፍተኛ ሽልማት ማለት ነው። ከሽልማቱም በኋላ ግን ፍለጋውን አልተወም።

እስቲ አሁን ወደ እጁ ልመለስ፤ ለዚህም ስለ ራሴ ትንሽ መናገር አለብኝ። የኔ ቤተሰብ የሚኖረው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት እንጅባራ ሊደርሱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀር። ዘንገና በጥንት እሳተ ገሞራ የተፈጠረ ሐይቅ ነው፤ ከላይ ከጠርዙ ሆነው ሲያዩት በኮምፓስ የተሰመረ ክብ ይመስላል። ጥልቀቱ 166 ሜትር ይደርሳል ይባላል። ባለፈው እረፍት በየቀኑ እሱን ለመሳል ወስኜ ነበር። የሥዕል ዕቃ ችግር የለም፤ አዊ ከሰል አይጠፋም። በኛ ዞን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ በኩል፣ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ገበሬው እየተከለ ከሰል ያከስላል፤ በመኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ከክምሩ ጥግ ላይ የሚቀሩት ቀጫጭን ጭራሮዎች ሱቅ ከሚሸጠው የሥዕል ከሰል አይተናነሱም።

ሁለት ሳምንት ያህል በጤናማ እጅ ሳልኩት። ከዚያ ስለ ገብረ ክርስቶስ ማንበብ ስለጀመርኩ አንድ ሙከራ አደረግሁ። የቀኝ እጄን አምስት ጣቶች በጨርቅ ጠቅልዬ አሰርኩና ከሰሉን በጨርቁ መሐል ሰክቼ መሳል ጀመርኩ። ሙከራው ከበሽታው ጋር እንደማይመሳሰል አውቃለሁ፤ እኔ ማታ ጨርቁን እፈታዋለሁ፤ ጣቶቼም ይሰማሉ። አያቴ እንኳ በዚህ ሁኔታ ስታየኝ በጣም ደነገጠች። በሽታውን በስሙ አትጠራም፤ እንደ ታማሚ መምሰል በሽታውን መጥራት ነው ብላ ስለምታምን ጨርቁን ቶሎ እንድፈታ ለመነችኝ፤ ስሜንም እየጠራች ደጋግማ አማተበችብኝ። እሷ ቤት ሳትኖር ወደ ጠርዙ እየወጣሁ ቀጠልኩ። የአያቴ ድንጋጤ አንድ ነገር አስተማረኝ፤ ገብረ ክርስቶስ እያንዳንዱን ቀን የሳለው እንደዚህ በሚያዩት ሰዎች መካከል ሆኖ ነው። ብሩሽ የያዘውን እጁን ሳይደብቅ ሕዝብ ፊት መቆም፣ ተማሪ ፊት ቆሞ መስመር ማሳየት ራሱን የቻለ ድፍረት ነው።

ስለ አሳሳሉ ያየሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሚጠፋው ዝርዝሩ ነው። ቅጠል በቅጠል፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ መሳል አይቻልም። መስመሩ ከጣት ሳይሆን ከትከሻ ይመጣል። አንድ መስመር በጣም ብዙ ልፋት ስለሚጠይቅ ከመሳቤ በፊት ቆም ብዬ ይሄ መስመር ያስፈልጋል ወይ ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። በጤናማ እጄ ሃምሳ መስመር ስስብ የነበረበት ቦታ ላይ አራት ብቻ ሳብኩ። የጠርዙ ጥላ ውሃው ላይ የሚወድቅበት፣ ደኑ የሚጨርስበት፣ ጭጋጉ ውሃውን የሚሸፍንበት። በአምስተኛው ቀን ገደማ የገባኝ ነገር፣ እጄ ከመጀመሪያው ቀን ምንም አለመሻሉ ነው። ሥዕሎቹ ግን ተሽለው ነበር። ያደገው ምርጫዬ ነው። ምን እንደምተው ማወቅ ጀመርኩ።

ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት ምክንያት የማይጥመኝ። የዕለት ልምምድ እጅን ብቻ የሚያሳድግ ቢሆን ኖሮ ገብረ ክርስቶስ ባላደገ ነበር። ሥዕሎቹን በቅደም ተከተል ያየ ሰው ግን ዕድገቱን ይመሰክራል፤ ቀለሙ እየደፈረ፣ የማያስፈልገው እየወጣ፣ ቅርጹ እየጠነከረ ይሄዳል። ይሄ የጣት ዕድገት አይደለም። የሚያየው፣ የሚመርጠውና የሚወስነው ሰውዬ ዕድገት ነው። እጅ የተባለውማ ከሠራተኞቹ አንዱ ነው፤ ጎበዝ ሠራተኛ ቢሆን ጥሩ፣ ካልሆነም ሥራው አይቆምም።

እዚህ ላይ ግጥሙንም መርሳት የለብንም። ገብረ ክርስቶስ በአማርኛ ግጥም ውስጥም ትልቅ ስም አለው። ሀገሬ የሚለው ግጥሙን በትምህርት ቤት በቃሉ ያልያዘ ጥቂት ነው። አገጣጠሙ የለመድነውን የቤት አመታት ሁልጊዜ የሚጠብቅ አይደለም፤ ስንኙ ባስፈለገው ቦታ ይሰበራል፣ ባስፈለገው ይረዝማል። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ይሄን በነፃ ግጥም በኩል ይተነትኑታል። እኔ ግን እንደ ሥዕል ተማሪ ሳየው ያው ሰው፣ ያው ምርጫ ነው የሚታየኝ። ሥዕል ላይ ለመድ ያለውን መስመር እንደተወው ግጥም ላይም ለመድ ያለውን ምት ተወ። መንገድ ስጡኝ ሰፊ የተባለው የግጥም መድበሉ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው እሱ ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

በመምህርነቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። ከ1966 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ ተመልሶ እዚያው ትምህርት ቤት አስተምሯል። ሁለቱ በአንድ ግቢ የነበሩበት ያ ዘመን ለኢትዮጵያ ሥዕል የተለየ ዘመን ነበር። ዛሬ በዓለም የሚታወቀው፣ በአማርኛ ፊደል ቅርጽ የሚስለው ወሰኔ ኮስሮፍም በ1972 የተመረቀው ከዚህ ትምህርት ቤት ነው። መምህር ሆኖ በየቀኑ መሳል ከባድ መሆኑን መምህሮቻችንን አይተን እናውቃለን። ቀኑን ሙሉ የሰው ሥዕል ሲያርሙ ይውላሉ፤ ማታ ለራሳቸው የሚተርፍ ጉልበት የላቸውም። ገብረ ክርስቶስ ግን በእነዚያ ዓመታት የሳላቸው ሥዕሎች ብዛት ራሱ ጉልበቱን ከየትም ብሎ ያመጣ እንደነበር ያሳያል።

በ1974 አብዮቱ መጣ። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ለጥበብ ሰው ምን ዓይነት እንደነበሩ ከቤተሰብ የሰማነው ይበቃል። ሥዕል ለአብዮቱ ማገልገል አለበት ተባለ፤ ፖስተርና የመሪዎች ምስል ተፈለገ። ቀለም ብቻውን የሚናገርበት ሥዕል ቦታ አጣ። ገብረ ክርስቶስ በ1970ዎቹ መጨረሻ አገሩን ጥሎ በኬንያ በኩል ወደ ጀርመን ሄደ። ከወጣትነቱ የሚያውቃት አገር ናት፤ ግን በዚህ ጊዜ የሄደው እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ስደተኛ ነው። ሥዕሎቹ ከፊሉ አዲስ አበባ ቀሩ። ስለ ስደት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ገንዘብና ወረቀት ነው። ለሠዓሊ ግን ሌላም ነገር አለ፤ የሠራውን ሁሉ ትቶ መሄዱ። ገጣሚ ግጥሙን በጭንቅላቱ ይዞ ይሻገራል። ሠዓሊ ሥዕሉን በጭንቅላቱ ይዞ መሻገር አይችልም።

ከጀርመን ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ኦክላሆማ ክፍለ ሀገር ውስጥ ላውተን በምትባል ከተማ በ1981 አረፈ። ሃምሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። በዚያው በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት የሥጋ ደዌ ሕክምና በአንድ መድኃኒት ብቻ ሳይሆን የተለያዩ መድኃኒቶችን በማጣመር እንዲሰጥ ያቀረበው ምክር ወጣ። ዛሬ በሽታው ቶሎ ከተደረሰበት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል፤ ጣት ሳይጎዳ። አያቴ ይሄን ስነግራት አላመነችኝም። ለሁለተኛ ጊዜ ስነግራት ግን መድኃኒቱ በእንጅባራ ይገኝ እንደሆን ጠየቀችኝ፤ ስለማን እንደጠየቀች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ጀርመን ቀርተው በሙኒክ ሙዚየም ለብዙ ዓመታት ተቀምጠው የነበሩት ሥዕሎቹ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በስሙ ማዕከል ከፍቷል፤ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ይባላል። ለአዲስ አበባ ጉዳይ የሚሄድ የክፍላችን ተማሪ ካለ አንድ ከሰዓት መድቦ ጎራ እንዲል እመክራለሁ። ሲገባ ከሩቅ ሆኖ ሥዕሉን በሙሉ ይየው፤ ከዚያ ጠጋ ብሎ የብሩሹን መንገድ ይከተል። ቀለሙ የት ላይ ወፍሮ እንደቆመ፣ የት ላይ እንደተፋቀ፣ የት ላይ አንዴ ብቻ ተስቦ እንደተተወ በደንብ ይታያል።